ከምንጣፉ ሥርና ከመስታወቱ ጀርባ

ዛሬ የምናወራው ቤት ውስጥ ብረት ለማንሳት፣ ገመድ ለመዝለል፣ ፑሽ አፕ ለመሥራት ስለምትመድቧት አንዲት ክፍል ነው። ከክፍሏም ሁለት ነገር ብቻ እናነሣለን፤ ወለሉንና መስታወቱን። ስለ ብረቱና ስለ ቤንቹ ሌላ ቀን እንመለሳለን። እስክሪብቶና ወረቀት ካለ አጠገባችሁ አድርጉ። መሀል ላይ የምጠራቸው ቁጥሮች አሉ፤ እደግማቸዋለሁ።

የማወራው በተለይ ወለጋ ውስጥ ላለው ለኪራሙ ሰው ነው፤ ለጊዳ አያና፣ ለነቀምት፣ ለነጆና ለመንዲ ሰውም ይሆናል። ስልካችሁ ላይ ‹‹የቤት ጂም አሠራር›› ብላችሁ ብትፈልጉ የሚመጣላችሁ አብዛኛው ቪዲዮ የመኪና ማቆሚያውን ወደ ጂም የለወጠ ፈረንጅ ነው። ወለሉ ደረቅ ኮንክሪት፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ ዕቃው በር ድረስ የሚመጣለት ሰው። የኛ አገር ነገር ሌላ ነው። ነቀምት አካባቢ የሚዘንበው ዝናብ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። አፈሩ ቀይ ነው። የብዙው ቤት ግድግዳ ባሕር ዛፍና ጭቃ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ምስጥ አለ። ምስጥን ያላስገባ የወለል ምክር ወለጋ ላይ አይሠራም።

ስለዚህ ሐሳቤን ከመነሻው ልናገር። ሱቅ ገብታችሁ የምንጣፉን ቀለም፣ የመስታወቱን ጥራት ታያላችሁ፤ እሱ ፊቱ ነው። እዚህ አገር ዕቃውን የሚያበላሸው ግን ከጀርባ የሚመጣው ነው፤ ከምንጣፉ ሥር የሚታመቀው እርጥበት፣ ከመስታወቱ ኋላ የሚወጣው ምስጥ። በየጊዜው አንሥታችሁ፣ ገልጣችሁ ልታዩት የማትችሉትን ነገር አትግዙ፣ አታስለጥፉም።

ቤት ውስጥ ስፖርት መሥራት ለምን አስፈለገ የሚል ይኖራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፣ በዚያ ላይም ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠራ ይመክራል። የኪራሙ ገበሬ ይህን በእርሻው ላይ ከበቂ በላይ ይሠራል። መምህሩ፣ ባለሱቁ፣ የቢሮ ሠራተኛው ግን አይሠራም። በ2011 ዓ.ም. ‹‹መንገድ ለሰው›› ተብሎ አስፋልት ላይ የተጀመረው የጅምላ ስፖርት ብዙ የከተማ ሰው አንቀሳቅሷል፤ ወለጋ ላይ ግን ሰኔ ከገባ በኋላ ጠዋት ወጥቶ ሜዳ ላይ መሥራት ፈተና ነው። ስለዚህ ወጣቱ በቀለም ባልዲ ሲሚንቶ ያፈስሳል፣ መሀሉ ላይ ቧንቧ ይተክላል፣ ብረቱን ሠራ ማለት ነው። ባለ 4 ሊትር ባልዲ በኮንክሪት ሲሞላ ወደ 9 ኪሎ ተኩል ይመዝናል። በሁለት ጫፍ ሁለቱ ከቧንቧው ጋር 20 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። ደስ የሚል ብልሃት ነው። ችግሩ ሲወርድ ነው።

ብረት ሲወድቅ ምን እንደሚሆን ትንሽ እንይ። የሚወድቅ ነገር ወለሉን የሚመታበት ኃይል የሚወሰነው በክብደቱና በወደቀበት ከፍታ ብቻ አይደለም፤ ለመቆም በተጓዘው ርቀትም ነው። ሲሚንቶ ላይ ሲወርድ በ1 ሚሊ ሜትር ውስጥ ይቆማል እንበል። ጎማ ላይ ሲወርድ ጎማው ተጨፍልቆ በ10 ሚሊ ሜትር ውስጥ ይቆማል። ርቀቱ አሥር እጥፍ ሲሆን ወለሉን የሚመታው አማካይ ኃይል ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። የጎማ ምንጣፍ ሥራው ይኸው ነው። ለስላሳ ሆኖ እንዲመች አይደለም፤ ሊሾው እንዳይሰነጠቅ፣ የሲሚንቶ ብረታችሁም እንዳይፈረከስ ነው። በዚያ ላይ ጎማ ላብ ጠብ ሲልበትም እግር አያንሸራትትም።

አሁን ወደ ራሳችሁ ቤት ግቡና ወለላችሁን እዩ።

በእበት የተለቀለቀ የአፈር ወለል ከሆነ፣ የሚገርማችሁ፣ ብረት ሲወድቅበት ከሁሉም የሚታገሰው እሱ ነው። አይሰነጠቅም፤ ቢጎደጉድ ደልድላችሁ ትጠቀጥቁታላችሁ። ጣጣው ሌላ ነው። አንደኛ አቧራው፤ በኃይል የምትተነፍሱት ስፖርት ስትሠሩ ነውና ከሌላው ጊዜ የበለጠ ወደ ሳንባችሁ ይገባል። ሁለተኛ ሙጀሌ። ሦስተኛው ደግሞ ብዙ ሰው ከወለል ጋር አያይዞት አያውቅም። ወለጋ ውስጥ በየገበያው የምናየው፣ እግርን የሚያሳብጠውና ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት የዝሆኔ ዓይነት የሚመጣው በትንኝ አይደለም፤ በእርግማንም አይደለም። ዝናብ በሚበዛበት ደጋና ወይና ደጋ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመት በባዶ እግር ከመኖር ነው። የአፈሩ ደቃቅ ማዕድን በእግር ቆዳ በኩል እየገባ የሚያመጣው ሕመም ነው። እና ባዶ አፈር ላይ ጫማ አውልቆ መዝለል አይገባም። አፈሩን ደልድሉ፣ በደንብ ጠቅጥቁ፣ ወፍራም ላስቲክ አንጥፉ፣ በላዩ ጎማ አድርጉ። በየሁለት ሳምንቱ ጎማውንም ላስቲኩንም ገልጣችሁ አድርቁ። ገንዘብ የሌለው ሰው በዚህ ይጀምር። የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

ሊሾ ከሆነ ጥሩ መነሻ አላችሁ። ገና የምታሠሩ ከሆናችሁ ግንበኛውን ከሥር እንዲጀምር አድርጉት፤ ጥሩ የድንጋይ ንጣፍ፣ በላዩ ላስቲክ፣ በላዩ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ኮንክሪት፣ ከዚያ ሊሾው። ላስቲኩን ‹‹ይቅር፣ ምን ያደርጋል›› የሚላችሁ ይኖራል። አይቅር። ከሥር የሚወጣውን እርጥበት የሚያግደው እሱ ነው፤ አንዴ ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ ማስገቢያ የለውም። የመጀመሪያውን ሳምንት ውኃ እያጠጣችሁ አቆዩት። 28 ቀን ሳይሞላው ብረት አትጣሉበት።

የቆየ ሊሾ ከሆነ ደግሞ አንድ ፈተና አድርጉለት። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ወለሉ ላይ ዘርጉና አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጉት። ማታ አድርጋችሁ ማግስቱን ማታ አንሡት። ከላስቲኩ ሥር ጠብታ ካያችሁ፣ ወይም ሊሾው ከዙሪያው ጠቆር ካለ፣ ውኃ ከመሬት እየወጣ ነው። በበጋ ደረቅ የሆነ ወለል በሐምሌ ያልባል፤ ፈተናውን በክረምት አድርጉ። እርጥብ ሆኖ ከተገኘ ምንጣፉን በማስቲሽ አታስለጥፉ። ማስቲሹ ይለቃል፣ ከሥሩ ሻጋታ ይይዛል፣ ክፍሉ ይሸታል። ተነቃይ የሆነ፣ በራሱ ክብደት የሚተኛ ወፍራም ጎማ ነው የሚያዋጣችሁ።

ስንጥቁን ደግሞ ድፈኑት። ምስጥ ከ2 ሚሊ ሜትር ባነሰ ቀዳዳ ያልፋል፤ የሚወዳትም መንገድ ወለሉና ግድግዳው የሚገናኙባት ማዕዘን ናት። ምንጣፋችሁን ግድግዳው ጥግ ድረስ አትግፉት። ዙሪያውን አንድ መዳፍ ያህል ባዶ ወለል ተዉ። ምስጥ ብርሃንና ደረቅ አየር አይወድም፤ ከተሰነጠቀው ጥግ ተነሥቶ ወደ ምንጣፉ ሲመጣ ባዶዋን ቦታ በጭቃ ቧንቧ ሸፍኖ ነው የሚያቋርጣት። እርሳስ የሚያህል ቀይ የጭቃ መስመር ታያላችሁ ማለት ነው። ምንጣፉ ጥግ ድረስ ከሞላ ግን ያንን መስመር የምታዩበት ቦታ አይኖርም፤ የምታውቁት የበሩ ጉበን ሲወድቅ ነው።

ሴራሚክ ላይ ብዙ አልቆይም። ለመታጠቢያ ቤት ጥሩ ነው፤ ለብረት ጥሩ አይደለም። ላብ ሲነካው ያንሸራትታል፣ ከሥሩ በደንብ ካልተሞላ ደግሞ አንድ ምት ይበቃዋል። ያለው ሴራሚክ ከሆነ በሳንቲም ቆርቁሩት፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ላይ ብረት አታስቀምጡ። ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ጎማ አልብሱት።

ጣውላስ? በክብደት ማንሳት ውድድር ሕጋዊው መድረክ 4 ሜትር በ4 ሜትር ነው፤ ብዙ ጂሞችም ከዚያ ተምረው መሀሉን ጣውላ፣ ሁለቱን ጎን ጎማ ያደርጋሉ። እግር ጣውላ ላይ ጽኑ ሆኖ ስለሚቆም ትክክል ናቸው። ኪራሙ ላይ ግን ጣውላ፣ ቺፑድ፣ ኮምፐርሳቶ፣ ቀርከሃ ወለል ላይ ማንጠፍ ለምስጥ ማዕድ መዘርጋት ነው። መንዲና ነጆ አካባቢ ያላችሁ ይህን ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ፤ ኩይሳው በየማሳው ነው። የግድ ጣውላ ካላችሁ፣ ለሁለት ሰው የሚነሣ መጠን ያለው ተንቀሳቃሽ መድረክ አሠሩ። ከግድግዳው ይራቅ፤ ሥሩን የቤት ቋሚ እንደሚቀባው የተቃጠለ ዘይት ቀቡት፣ ላዩን ግን አታስነኩት፣ እግር ያንሸራትታል። በየወሩ ገልብጡት። ገልብጡት ስል ‹‹አንድ ቀን እናደርገዋለን›› ለማለት አይደለም።

ወደ ምንጣፉ እንምጣ። ገበያ ላይ በብዛት የምታገኙት በቀለም ያሸበረቀ፣ እርስ በርሱ የሚጠላለፍ የስፖንጅ ምንጣፍ ነው። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ለሆድ ሥራና ለመሳሳብ ጥሩ ነው። ብረት ተሸክማችሁ ቁጢጥ ስትሉበት ግን ተረከዛችሁ ይሰምጣል፣ ቁርጭምጭሚታችሁ ይወላገዳል። ብረት ካስቀመጣችሁበት ደግሞ ጎድጉዶ ይቀራል። ስፖንጁ ለጥግ ይሁን፣ ብረት ለሚነሣበት ቦታ ጠንካራ ጎማ ፈልጉ። ውፍረቱን ጻፉ፤ ለገመድ ዝላይና ለትንንሽ ዳምቤል ከ8 እስከ 10 ሚሊ፣ ባርቤል ለሚያነሣ ከ15 እስከ 20 ሚሊ። እደግማለሁ፤ ለቀላሉ ከ8 እስከ 10፣ ለከባዱ ከ15 እስከ 20። ክፍሉን በሙሉ መሸፈን አያስፈልግም። ሁለት ሜትር ተኩል በሁለት ሜትር አንድን ሰው ከነባርቤሉ ያስተናግዳል።

አዲሱ ጎማ ከአዲስ አበባ፣ ስታዲየም ዙሪያ ካሉት የስፖርት ዕቃ ሱቆች ወይም ከመርካቶ ይመጣል። ዋጋው ካስደነገጣችሁ ሁለት ሌላ መንገድ አለ። አንዱ የፋብሪካ ማጓጓዣ ቀበቶ ነው፤ የስኳርና የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ዕቃ የሚያጓጉዙበት ሰፊ ጎማ። ወለጋ ደግሞ የፊንጫአና የአርጆ ዴዴሳ ስኳር ፋብሪካዎች ጎረቤት ነው። አርጅቶ በጨረታ የተሸጠ እንዲህ ያለ ጎማ ከነጋዴ እጅ ካገኛችሁ፣ ሰፊ፣ ጠፍጣፋና ውኃ የማያስገባ ስለሆነ አትለፉት።

ሁለተኛው የመኪና ጎማ ነው። በረባሶ የሚሠሩትን ባለሙያዎች ጠይቁ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ያሉት ጎማ ሲገነጥሉ ያየ ሰው ያውቃል፤ ሁሉንም ጎማ አይነኩም። ሠራተኛው ጎማውን በቢላ ጫር አድርጎ ያያል። ውስጡ ክር ከሆነ ይወስደዋል፤ ውስጡ ሽቦ ከሆነ ይገፋዋል። ራዲያል የሚባለው ጎማ ከመርገጫው ሥር የብረት ሽቦ መረብ አለው። ያ ሽቦ ከተቆረጠው ጠርዝ እንደ መርፌ ይወጣል፣ ምንጣፉ በታጠፈ ቁጥር ደግሞ አዲስ ጫፍ ይወልዳል። ለእናንተም ሕጉ ያው ነው። የናይለን ጎማ ይሁን። የተቆረጠውን ጠርዝ በጣት ሳይሆን በዓይን፣ ፀሐይ ላይ አድርጋችሁ ፈትሹ፤ የሚያብረቀርቅ ነጥብ ካለ መልሱት። ከመርገጫው ይልቅ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው፣ ለመደርደርም ይቀላል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ብረት የምትጥሉ ከሆነ ደግሞ ጎሚስታው የጣላቸውን ሁለት ሙሉ ጎማዎች ግራና ቀኝ አጋድማችሁ ብረቱን በላያቸው ላይ ማሳረፍ ትችላላችሁ። መልክ የለውም፤ ወለሉን ግን ከምንም በላይ ያድናል።

ጎማ ሲገባ ይሸታል። ቤት ከመግባቱ በፊት ጥላ ሥር ነፋስ ይምታው፤ ፀሐይ ላይ አትርሱት፣ ያደርቀዋል። ስታጸዱት በውኃና በሳሙና ብቻ። በረኪናና ቤንዚን ይበሉታል። ከሥሩ ፕላስቲክ ምንጣፍ ካለ ጥቁሩ ጎማ ቡናማ እድፍ ያሳርፍበታል፣ እድፉም አይለቅም፤ የሚያምር ፕላስቲክ ያነጠፋችሁ አስቀድማችሁ አንሡት።

አሁን መስታወት። መጀመሪያ ደፍሬ አንድ ነገር ልበል፤ ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ወለሉን ሥሩ፣ መስታወቱ ይቆይ። በክብደት ማንሳት ውድድር መድረክ ላይ ከአትሌቱ ፊት መስታወት አይቆምም። ከባድ ብረት ተሸክሞ ራሱን ለማየት አንገቱን ወደ ጎን የሚያዞር ሰው ራሱን ይጎዳል፤ ጀርባችሁ ቀጥ ማለቱን ማየት ከፈለጋችሁ ስልካችሁን በጎን አቁማችሁ መቅረጽ ይሻላል። መስታወት የሚጠቅመው ፊት ለፊት ለሚታየው ነው፤ ጉልበት ወደ ውስጥ መግባቱን፣ አንዱ ትከሻ ከሌላው መውረዱን፣ ብረቱ መዛነፉን። ለዚህ ደግሞ ግድግዳ የሚሞላ መስታወት አያስፈልግም።

ምን ያህል ይበቃል? እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ይሳሳታል፤ ‹‹ሙሉ ቁመቴን ለማየት ቁመቴን የሚያህል መስታወት›› ይላል። ግማሹ ይበቃል። ብርሃን መስታወት ላይ በመጣበት ልክ ስለሚመለስ፣ እግራችሁን የምታዩበት ነጥብ በዓይናችሁና በእግራችሁ መካከል፣ ግማሽ ላይ ነው። የራስ ቅላችሁን የምታዩበትም በዓይናችሁና በራስ ቅላችሁ መካከል ነው። ቀረብ ብትሉም ራቅ ብትሉም ለውጥ የለውም። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው ዓይኑ 1 ሜትር ከ58 አካባቢ ላይ ነው፤ ከወለል 79 ሴንቲ ሜትር ላይ የሚጀምር 85 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው መስታወት ቆሞ ሙሉ ሰውነቱን ያሳየዋል።

ቆሞ ነው ታዲያ። እኛ ግን ቁጢጥ እንላለን፣ እጃችንንም ወደ ላይ እንዘረጋለን። ቁጢጥ ሲል ዓይኑ ወደ 1 ሜትር ይወርዳል፤ እግሩን ለማየት መስታወቱ ከ50 ሴንቲ ሜትር መጀመር አለበት። ዳምቤል ወደ ላይ ሲገፋ እጁ 2 ሜትር ከ20 ይደርሳል፤ መስታወቱ እስከ 1 ሜትር ከ90 መድረስ አለበት። ጻፉ፤ ከ50 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ እስከ 1 ሜትር ከ90፣ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ40። ወርዱ 90 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የተዘረጉ ሁለት እጆችን ያሳያል። 2 ሜትር ከ20 የሆነውን ትልቁን ባርቤል ከጫፍ እስከ ጫፍ ማየት የሚፈልግ 1 ሜትር ከ10 ያድርገው። ልኬቱ የሚጀምረው እግራችሁ ከሚቆምበት፣ ማለትም ከምንጣፉ ላይ ነው፤ ለዚህ ነው መጀመሪያ ወለሉ የሚነጠፈው። 50 ሴንቲ ሜትሯ ሌላም ጥቅም አላት። የውድድር ባርቤል ትልቁ ክብ 45 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ተንከባሎ ቢሄድም መስታወቱ ሥር ያልፋል። የመጥረጊያና የመወልወያ ውኃም አይነካውም።

ውፍረቱ። ነቀምት መስታወት ቤት ስትገቡ ቀጭኑን ያሳዩአችኋል፤ ባለ 3 ወይም ባለ 4 ሚሊ። ለቁም ሣጥን በቂ ነው። እናንተ ግን ‹‹አምስት ወይም ስድስት ሚሊ፣ ጠርዙ የተሞረደ፣ ጀርባው ያልተጫረ›› በሉ። ቀጭን መስታወት ባልተስተካከለ ግድግዳ ላይ ሲታሰር ይለመጣል፤ የለመጠ መስታወት ደግሞ ሰውን ያቀጥናል ወይም ያወፍራል፣ ቀጥ ያለውን ጉልበት ያጣምማል። ሳትከፍሉ በፊት ፊቱ ቁሙና በውስጡ የሚታየውን የበር መቃን እያያችሁ ራሳችሁን ቀስ ብላችሁ ወደ ግራና ቀኝ አንቀሳቅሱ። መቃኑ እንደ ውኃ ከተንቀጠቀጠ ሌላ አምጣ በሉት። ከዚያ ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። በመስታወቱ ኋላ ስስ የብር ንጣፍ አለ፣ እሱን ቀለም ይሸፍነዋል። ቀለሙ የተጫረበት ቦታ ላይ በአንድ ክረምት ውስጥ ጥቁር ነጥብ ይወጣል፤ ጠርዙም ካልተሞረደ ጥቁሩ ከጠርዝ ወደ ውስጥ ይገባል።

ለክብደቱ ይህን ስሌት ያዙ፤ መስታወት በየ1 ሚሊ ውፍረቱ ለአንድ ካሬ ሜትር 2 ኪሎ ተኩል ይመዝናል። ያልነው 90 በ1 ሜትር ከ40፣ ባለ 5 ሚሊ ሲሆን ወደ 16 ኪሎ፣ ባለ 6 ሚሊ ሲሆን ወደ 19 ኪሎ ይሆናል።

19 ኪሎ ብርጭቆ በጭቃ ግድግዳ ላይ! ብሎኬት ቤት ያላችሁ በፊሸርና በብሎን አሥራችሁ ትገላገላላችሁ። ጭቃ ግን ፊሸር አይይዝም፤ ምርጉ ይፈረፈራል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ቋሚውን በመዶሻ ጀርባ ቆርቁሮ ፈልጎ ምስማር መትቶ መስቀል ነው። ያ ቋሚ ባሕር ዛፍ ነው። ውስጡ ምን እንደሆነ ማን ያውቃል? ከውጭ ልስኑ ጤነኛ ሆኖ ውስጡ በምስጥ ባዶ የቀረ ቋሚ ወለጋ ውስጥ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም።

እኔ የምመርጠው መስታወቱ በራሱ እግር እንዲቆም ነው። ብየዳ ቤት ሄዳችሁ ከቱቦላሬ ፍሬም አሠሩ፤ ሁለት እግር ያለው፣ መስታወቱ በላሜራ ጎድጓዳ ውስጥ የሚቀመጥበት፣ ብረትና መስታወት በቀጥታ እንዳይነካኩ መሀሉ ስስ ጎማ የገባበት። እግሩ ምንጣፉ ላይ ሳይሆን ሊሾው ላይ ይረፍ፤ ያን ጊዜ ብረት ሲወድቅ አይንቀጠቀጥም። ሸክሙን ወለሉ ይይዘዋል፤ ግድግዳው የሚጠበቅበት ወደ ፊት እንዳይወድቅ ከላይ በሁለት ቦታ መያዝ ብቻ ነው። ከግድግዳው 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። በዚያች ክፍተት አየር ይዘዋወራል፣ ጀርባው ይደርቃል፣ በባትሪም አብርታችሁ የጭቃ መስመር መኖር አለመኖሩን ታያላችሁ። ከኋላው ቺፑድ አታድርጉ፤ ሱቁ ‹‹ያጠነክረዋል›› ብሎ ይጨምርላችኋል፣ ምስጡ ግን መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። ቀጥ ማለቱን በቱንቢ ለኩ። ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ዘንበል ያለ መስታወት የሚያሳየውን ወደ ታች ወይም ወደ ላይ ያዛንፈዋል።

በሲሊኮን የምታስለጥፉ ከሆነ ደግሞ ክዳኑን ከፍታችሁ አሽትቱት። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚል ከሆነ መልሱት፤ አሲዱ በልቶ በልቶ ጀርባውን ያጠቁረዋል። ለመስታወት ተብሎ የተሠራ፣ ያን ሽታ የሌለው አለ።

ተራ መስታወት ሲሰበር እንደ ጩቤ ረጃጅም ሆኖ ይወርዳል። ስለዚህ ከመቆሙ በፊት ጀርባውን በሙሉ በሚለጠፍ ፕላስቲክ ስቲከር አልብሱት፤ ማስታወቂያ ቤቶች የሚጠቀሙበት ዓይነት ይሆናል። አረፋ እንዳይገባ በጨርቅ እየጠረጋችሁ ለጥፉ። ቢሰበር ስባሪው ስቲከሩ ላይ ተይዞ ይቀራል። ልጆች ያሉበት ቤት ይህን ሳያደርግ መስታወት አያስገባ፤ ይኼ ላይ ድርድር የለኝም።

የት ይቁም? መስኮት ፊት ለፊት አይሁን፣ ከመስኮት የሚገባው ብርሃን ዓይናችሁን ይወጋል። መስኮቱ ከኋላችሁ ስለሚሆንም ጥላችሁን ብቻ ታያላችሁ። ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። አምፖሉ ደግሞ በእናንተና በመስታወቱ መካከል፣ ከላይ ይንጠልጠል፤ ብርሃን መውደቅ ያለበት እናንተ ላይ ነው።

የቀረው ማምጣቱ ነው። ነቀምት ላይ ያስቆረጣችሁትን መስታወት ወደ ኪራሙ የምትወስዱት መንገዱ ሰላም ሆኖ መኪና በተገኘ ቀን ነው፤ ያን ቀን መቸኮል ይመጣል። ሹፌሩ ‹‹አጋድሙት፣ ከላዩ ጆንያ እንጭናለን›› ይላል። በጭራሽ። የተጋደመ መስታወት በመጀመሪያው ጉድጓድ ከመሀሉ ይሰበራል፤ መስታወት የሚጓዘው በጠርዙ ቆሞ፣ ረጅሙ ጎኑ ወደ መኪናው አካሄድ ዞሮ ነው። ፊትና ኋላውን በፍራሽ ያዙት፣ ከሥሩ የታጠፈ ብርድ ልብስ አድርጉ፣ በገመድ ከመኪናው ጎን ጋር እሰሩት። ፊቱ ላይ በፕላስተር ትልቅ የመስቀለኛ ምልክት ለጥፉበት፤ አያጠነክረውም፣ ግን ጫኚው መስታወት መሆኑን ከሩቅ ያያል። ስታወርዱት ሁለት ሰው፣ ወፍራም ጓንትና የተሸፈነ ጫማ። ሦስተኛው ሰው በሩን ይክፈት፣ ልጆቹንም ያርቅ።